ከአፕዴት በኋላ ከቀን መቁጠሪያችን ስለጠፉት ነገሮች፦ እናንተ እንዴት ተወጣችሁት?

የማኅበር ጸሐፊ
ጥር 19 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ከምሽቱ 2፡40

እንደምን ሰነበታችሁ። ለስድስት ዓመታት ያህል የተጠቀምሁበት የኢትዮጵያ ቀን መቁጠሪያ መተግበሪያ በኅዳር መጨረሻ ሳልጠይቀው ራሱን አፕዴት አደረገ። ስሙን አልጠቅስም፤ ሠሪዎቹን በአደባባይ ማሳጣት ዓላማዬ አይደለም። መልኩ አምሯል፣ ፊደሉ ጎላ ብሏል፣ ለዐይንም ይስማማል። ውሎ አድሮ ስመለከተው ግን የምገለገልባቸው ነገሮች አንድ በአንድ ተነሥተዋል። ቀድሞ በወሩ ሰንጠረዥ ላይ የኛ ቀን በትልቁ፣ የፈረንጆቹ ደግሞ ከሥሩ በትንሹ ተጽፎ ሁለቱ አብረው ይታዩ ነበር፤ አሁን አንዱን ለማየት ሌላውን መዝጋት ግድ ሆኗል። የኢትዮጵያ ሰዓት የሚለው ምርጫ የለም። ከዚህ ቀን እስከዚያ ቀን ስንት ቀን እንዳለ የሚያሰላው ገጽም የለም። አጽዋማትና ተዘዋዋሪ በዓላት ወጥተው የቀሩት መሥሪያ ቤት የሚዘጋባቸው በዓላት ብቻ ናቸው።

ይህ ሁሉ ቢያበሳጭም ይቻላል። ያልቻልሁት የሚከተለውን ነው። እኔ በየወሩ በ16 የሚጠጣ የኪዳነ ምሕረት ማኅበር ጸሐፊ ነኝ። ሃያ አራት አባላት አሉን። አስታዋሹን ከዓመታት በፊት «በየወሩ በ16፣ በዋዜማው ምሽት ይደውል» ብዬ መዝግቤው ስለነበር፣ በደወለ ቁጥር መልእክቱን ወደ ቴሌግራም ቡድናችን ከመላክ በቀር ሌላ ሐሳብ አልነበረብኝም። ታኅሣሥ ላይ በቀኑ ደወለ። በጥር የደወለው ቅዳሜ ምሽት 12 ሰዓት ላይ ነው፤ እኔም ቀኑን ሙሉ ሥራ ላይ ውዬ ደክሞኝ ስለነበር ሳላመነታ «ነገ ማኅበራችን ነው» ብዬ ላክሁ። ማግስቱ እሑድ በመሆኑ ማንም አልተጠራጠረም።

ቅዳሜው ራሱ ጥር 16 ነበር። ስልክ የማያዩት አዛውንቶች በቀናቸው ሄደው፣ ጸሎት አድርሰው፣ ዳቦውን ቆርሰው ተመልሰዋል። እኛ ስልክ የያዝነው አሥራ አንድ ሰዎች ነጭ ለብሰን የደረስነው ጉዝጓዙ ተጠርጎ በወጣበት፣ ማሰሮው በተዘቀዘቀበት ቤት ነው። ይባስ ብሎ የየካቲቷ ተረኛ ከእኛ ጋር ስለነበረች ጽዋውን የሚረከብ ጠፍቶ በደጋሿ ቤት አድሯል። ባለቤቲቱ እናት ናቸውና አልተቆጡም፤ «ልጆቼ፣ የናንተ ኪዳነ ምሕረት ዛሬ ናት?» ብለው ጠየቁን። ቢቆጡኝ በቀለለኝ።

አሁን የምጠይቃችሁ፣ እንዲህ ያለ ነገር የደረሰባችሁ ሰዎች ምን መላ አበጃችሁ? ወደ ድሮው ስሪት መመለስ ይቻላል? ካልተቻለስ ያሉኝን ሦስት መቶ ያህል መዝገቦች ይዤ ወዴት ልሂድ?


ወረቀት ይሻላል
ጥር 19 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ከምሽቱ 3፡15

ወንድሜ፣ አይዞህ። እኔ ግን ይህን የምሰማው በልቤ እየሳቅሁ ነው፤ ግድግዳዬ ላይ የተሰቀለችው መቁጠሪያ በየመስከረሙ ትለወጣለች እንጂ በኅዳር መጨረሻ ሌሊት ተነሥታ ራሷን አትለውጥም። ሁለቱም ቀን አለባት፣ የወር በዓላቱም አሉባት፣ ባትሪም አትጨርስም።


ኮድ ጻፊው
ጥር 20 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ከቀኑ 6፡20

ለጸሐፊው፦ ምን እንደሆነ ሳይገባን መፍትሔ ብንፈልግ ነገ ደግሞ በሌላ በኩል ይመጣብናልና፣ አስቀድሜ የሆነውን ልግለጽ።

አስታዋሽዎ አልጠፋም፤ የጠፋው የሚደጋገምበት ሕግ ነው። የቀድሞው ስሪት «በየወሩ በ16» የሚለውን በኢትዮጵያ ወር ይቆጥር ነበር። አዲሱ ስሪት መዝገቡን በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ብቻ ስለሚያስቀምጥ፣ አፕዴቱ ሲገባ መዝገብዎን ወደዚያ ገልብጦታል ብዬ እገምታለሁ። ሲገለብጥ የያዘው የመጨረሻውን ቀን ነው፤ ኅዳር 16 በፈረንጆቹ ኖቬምበር 25 ነበር፤ ስለዚህ ሕጉ «በየወሩ በ25» ሆኗል ማለት ነው። ዲሴምበር 25 ታኅሣሥ 16 ላይ ስለዋለ በመጀመሪያው ወር ስሕተቱ አልታየም። ጃንዋሪ 25 ግን ጥር 17 ነው። እንዲሁ ቢተዉት ደግሞ ፌብሩዋሪ ላይ ለየካቲት 18 ይደውልልዎታል፤ በመጋቢት እንደገና ትክክል ይመስላል፤ በሚያዝያና በግንቦት 17 ይሆናል፤ በሰኔና በሐምሌ 18፣ በነሐሴ 19፤ በመስከረም ደግሞ ወደፊት ቀድሞ ለ15 ይደውላል። እንዲህ አንዴ ልክ አንዴ ስሕተት የሚሆን ነገር ሙሉ በሙሉ ከተበላሸው ይልቅ ያስቸግራል፤ ሰው ልክ የሆነበትን ወር አይቶ ያምነዋልና።

ግምቴን ለማረጋገጥ ቅንብር ውስጥ ገብተው መዝገቦችዎን ወደ ፋይል ይላኩ። የሚወጣው ፋይል በማንኛውም የጽሑፍ መክፈቻ ይከፈታል። የማኅበሩን መዝገብ ፈልገው የመደጋገሚያው መስመር ምን እንደሚል ይንገሩን። ይህን ሳያደርጉ ምንም ነገር እንዳያጠፉ።


የማኅበር ጸሐፊ
ጥር 20 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ከምሽቱ 1፡05

እንዳሉት አደረግሁ። ፋይሉን ስከፍተው በእንግሊዝኛ የተጻፉ አጫጭር መስመሮች እርስ በርስ ተደርድረዋል። «ኪዳነ ምሕረት» የሚለውን ፈልጌ አገኘሁ፤ ከሥሩ «ድግግሞሽ፦ በየወሩ፤ የወሩ ቀን፦ 25» የሚል ትርጉም ያለው መስመር አለ። ዐሥራ ስድስት የሚል ቁጥር በመዝገቡ ውስጥ የትም የለም። ይህን ያህል ዓመት አምኜው የኖርሁት ነገር እንዲህ በአንዲት መስመር ተለውጦ ሳየው ገረመኝ። የእናቴን ሙት ዓመትም አየሁ፤ እርሷም የፈረንጅ ቀን ይዛለች።

«ወረቀት ይሻላል» ላሉት ወንድሜ፦ ወረቀቷን እኔም ሰቅያለሁ፤ ነገር ግን ለሃያ አራት ሰው አትደውልም።


የሜሪላንዷ
ጥር 21 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ከሌሊቱ 9፡30

በዚህ በአሜሪካ ለምንኖረው ነገሩ በሌላ በኩልም ይከፋል። የአባቴ ሙት ዓመት መስከረም 4 ነው። ዕረፍት የምጠይቀው በፈረንጆቹ ቀን ስለሆነ፣ ሁለቱ ቀኖች በአንድ ሰንጠረዥ ላይ መታየታቸው ለእኔ ጌጥ አልነበረም። አብዛኛውን ጊዜ መስከረም 4 ሴፕቴምበር 14 ላይ ይውላል፤ ጳጉሜን 6 ቀን ከሆነች በኋላ ግን 15 ላይ ይሆናል። በ2016 ዓ.ም. እንደዚያ ሆኖ አንድ ቀን ተሳስቼ ስልክ ስደውል፣ ወንድሜ «ነገ ነው የምናወጣው» ብሎኝ ያዘንሁትን አልረሳም። ያ ስሕተት የራሴ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ነው መተግበሪያውን ያወረድሁት። አሁን ደግሞ እርሱ ራሱ የእኔን ስሕተት ሊሠራ ነው ማለት ነው።

ሌላው ችግር የሰዓት ቀጣና ነው። እህቴ አዲስ አበባ ሆና የላከችልኝ መዝገብ ከእኩለ ሌሊት የሚጀምር ተደርጎ ስለተያዘ፣ እኔ ዘንድ ሲደርስ ከአንድ ቀን በፊት ከሰዓት በኋላ ላይ ይታያል። አዲስ አበባ መስከረም 4 ሲገባ እዚህ ገና መስከረም 3 ነውና መተግበሪያው በራሱ ሒሳብ አልተሳሳተም፤ የሰው ሙት ዓመት ግን በሰዓት ቀጣና አይቀየርም። እኔ ያገኘሁት መፍትሔ ሰዓት አለመስጠት ነው። «ሙሉ ቀን» የሚለውን ምርጫ ከነካችሁ ቀኑ በየትም አገር ያው ቀን ሆኖ ይቆያል።


ሒሳብ ሠራተኛ
ጥር 21 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ 4፡10

እኔን የጎዳኝ የቀን ልዩነት ማስያው መውጣቱ ነው። የምሠራበት ቦታ በጀቱ ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ስለሆነ፣ የውል ዘመን፣ የዋስትና ጊዜና የወለድ ቀን የምቆጥረው በኛ አቆጣጠር ነው። ጳጉሜን መሐል ስትገባ ደግሞ በጣት መቁጠር አያዋጣም። ደመወዝ የማይከፈልባት ወር ብትሆንም ወለድ ግን ይቆጠርባታል።

ከመተግበሪያው ጋር ሁለት ቀን ከታገልሁ በኋላ ማስያውን በኤክሴል ሠራሁት፤ ለሚፈልግ እነሆ። ዓመተ ምሕረቱን በ365 አባዙ። ዓመቱን ለ4 አካፍላችሁ ቀሪውን ትታችሁ ድርሻውን ጨምሩበት። ከወሩ ተራ ቁጥር 1 ቀንሳችሁ የቀረውን በ30 አባዙና ጨምሩ፤ ጳጉሜን 13ኛ ወር ናት። በመጨረሻ የወሩን ቀን ጨምሩ። የሁለት ቀናትን ልዩነት ብቻ የምትፈልጉ ከሆነ፣ ለሁለቱም እንዲህ አድርጋችሁ ትንሹን ከትልቁ መቀነስ ይበቃል። የፈረንጆቹን ቀን ማወቅ ካስፈለጋችሁ ደግሞ ከድምሩ 691164 ቀንሱና ሕዋሱን የቀን ቅርጽ አስይዙት።

ለጸሐፊው ሚያዝያ 16 ቀን 2018ን ብንወስድ፦ 2018 በ365 ሲባዛ 736570 ነው፤ 2018 ለ4 ሲካፈል ድርሻው 504፤ ሚያዝያ 8ኛ ወር ስለሆነ 7 በ30 ሲባዛ 210፤ ቀኑ 16። ድምሩ 737300 ይሆናል። 691164 ሲቀነስ 46136 ይቀራል፤ ኤክሴልም ይህን ኤፕሪል 24 ቀን 2026 ብሎ ያሳያል። የጳጉሜን ስድስተኛ ቀን በተለየ ሕግ ማስገባት አላስፈለገኝም፤ በ4 የማካፈሉ ነገር ራሱ ይይዘዋል።


ከሪያድ
ጥር 21 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ከምሽቱ 4፡00

የእኔ ችግር ሰዓቱ ነው። የሪያድና የአዲስ አበባ ሰዓት አንድ ስለሆነ በዚያ በኩል ዕዳ የለብኝም። ልጆቼን የምደውልላቸው ከምሽቱ 2 ሰዓት ነው። አፕዴቱ ከገባ በኋላ እንደ ልማዴ 2 ብዬ ስመዘግብ ስልኩ ሌሊት ቀስቅሶኝ፣ ከእኔ ጋር የሚያድሩትን ሁሉ አስነሣሁ። አሁን የማደርገው፣ በርእሱ ላይ «ከምሽቱ 2 ሰዓት ልጆች» ብዬ እጽፍና ሰዓቱን 20 ብዬ እሞላለሁ። ጠዋት ከሆነ 6 እጨምራለሁ፤ የጠዋቱ 2 ስምንት ነው። ደስ አይልም፤ ግን እስካሁን አላሳሳተኝም።


የቀድሞ ሞካሪ
ጥር 22 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ 3፡25

የሁላችሁንም ቅሬታ አነበብሁ፤ ልክ ናችሁ። ሆኖም እኔ ለጥቂት ዓመታት እንዲህ ያሉ መተግበሪያዎችን ስፈትሽ ስለኖርሁ በሠሪዎቹ በኩል ያለውን ልናገር። አብዛኛው የአማርኛ መተግበሪያ ከሥራ ሰዓት ውጭ በአንድ ወይም በሁለት ሰው የሚሠራ ነው። ጎግል ፕሌይ ላይ ያለ መተግበሪያ ለቅርብ ጊዜው የአንድሮይድ ስሪት ተስተካክሎ ካልቀረበ አዲስ አፕዴት ማውጣት አይፈቀድለትም፤ ስለዚህ ሠሪው ወደደም ጠላም በየዓመቱ ሊነካካው ይገደዳል። የዛሬ ስምንት ዓመት የተጻፈ ኮድ እየተለጠፈ ኖሮ አንድ ቀን አልለጠፍ ሲል፣ እንደ አዲስ ይጻፋል። እንደ አዲስ ሲጻፍ ደግሞ በቅድሚያ የሚገባው ብዙ ሰው የሚነካው ነው። ተዘዋዋሪ በዓላት የሚሰሉበትን ባሕረ ሐሳብን የሚከፍቱት ጥቂቶች ይሆናሉ፤ ስለዚህ «በሚቀጥለው ስሪት» ይባልና ይቀራል። ክፋት የለበትም፤ ቸልተኝነት ግን አለበት። የሰውን መዝገብ ሲገለብጡ «ይህን ያህል መዝገብ ተለውጧል፣ ተመልከቱት» የሚል አንድ ገጽ ማሳየት የግማሽ ቀን ሥራ ነው።

ሌላም ነገር ልጨምር፤ አስታዋሹ በቀኑ ቢሆንም አርፍዶ የሚደውልባችሁ ካላችሁ ጥፋቱ የመተግበሪያው ላይሆን ይችላል። ከአንድሮይድ 14 ጀምሮ አዲስ የሚጫኑ ብዙ መተግበሪያዎች ተጠቃሚው ካልፈቀደላቸው በትክክለኛዋ ደቂቃ ማስደወል አይችሉም። በስልኩ ቅንብር ውስጥ ስለ ማንቂያዎችና አስታዋሾች የሚል ልዩ ፈቃድ አለ፤ ገብታችሁ ክፈቱለት።

ወደ ድሮው ስሪት ስለመመለስም ተጠይቋል። አንዳንዱ ከቴሌግራም ቻናል የድሮውን ፋይል አውርዶ ይጭናል። አልመክርም። ማን እንደነካካው በማይታወቅ ፋይል ላይ የቤተሰብን ቀን፣ ስልክና አድራሻ ማስረከብ ነው፤ ደግሞም የድሮው ስሪት አዲሱ የገለበጠውን መዝገብ ላያነብ ይችላል።


ደቀ መዝሙር
ጥር 23 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ከቀኑ 9፡45

ተዘዋዋሪ በዓላትን በተመለከተ ስልክ መጠበቅ አያስፈልግም። ባሕረ ሐሳብ በእጅ የሚሠራ ሒሳብ ነው፤ አንድ ጊዜ ከተለማመዱት ቡና እስኪፈላ ያልቃል። የመጪውን የ2019 ዓ.ም. ፋሲካ አብረን እናውጣ።

5500 ዓመተ ፍዳን በ2019 ላይ ስንጨምር 7519 ዓመተ ዓለም ይሆናል። ለ19 ስንገድፈው፣ ማለትም አካፍለን ቀሪውን ስንይዝ፣ 14 ይተርፋል፤ አንዱን ስለ ዘመኑ ብለን ስናነሣ ወንበሩ 13 ነው። ወንበሩን በ11 አባዝተን ለ30 ብንገድፍ አበቅቴው 23፣ በ19 አባዝተን ለ30 ብንገድፍ መጥቅዑ 7 ይወጣል። አበቅቴና መጥቅዕ ተደምረው 30 ከሆኑ ሒሳባችሁ አልሳተም። መጥቅዕ ከ14 ሲበልጥ በመስከረም፣ ሲያንስ በጥቅምት ይውላል፤ ስለዚህ በዓለ መጥቅዕ ጥቅምት 7 ነው። ዕለቱ ቅዳሜ ነው፤ የቅዳሜ ተውሳክ፣ ማለትም ለዕለቱ የተመደበው ጭማሪ፣ 8 ነው፤ 7 እና 8 ተደምረው መባጃ ሐመሩ 15 ይሆናል። መጥቅዑ በጥቅምት ስለዋለ ጾመ ነነዌ በየካቲት ትገባለች፤ የካቲት 15 ሰኞ። የትንሣኤ ተውሳክ 9 ነውና 15 ላይ ስንጨምረው 24፤ ፋሲካ ሚያዝያ 24 ቀን ነው። በፈረንጆቹ ሜይ 2 ቀን 2027።

ኮድ ለሚጽፉት ወንድሜም አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። ልደትን «በየዓመቱ ታኅሣሥ 29» ብለው እንዳያስሩት። በዘመነ ዮሐንስ፣ ማለትም ጳጉሜን 6 ቀን ከሆነች በኋላ በሚመጣው ዓመት፣ በ28 ይከበራል። በ2016 እንዲህ ነበር፤ በ2020ም እንዲሁ ይሆናል። ይህን የሚስቱ መተግበሪያዎች አጋጥመውኛል፤ ከአፕዴት በፊትም ቢሆን።


ኮድ ጻፊው
ጥር 24 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ከምሽቱ 3፡50

መምህር፣ አመሰግናለሁ። ስሌትዎን ወደ ኮድ ለውጬ ያለፈውን ዘመን ፈተንሁበት፤ ሠርቷል። የልደቱንም ማሳሰቢያ አስገብቻለሁ።

አሁን ለጸሐፊው የገባሁትን ቃል ልፈጽም። የቀን መቁጠሪያ ፕሮግራሞች መዝገብ የሚለዋወጡበት አንድ የጋራ የፋይል ዓይነት አለ፤ አይካል ይባላል። በኢትዮጵያ ወር የሚደጋገም ሕግ በዚህ ፋይል ውስጥ መጻፍ የሚያስችል ደንብም በፈረንጆቹ 2015 ወጥቷል፤ ቁጥሩ አር.ኤፍ.ሲ 7529 ነው፤ ዐሥራ ሦስተኛ ወርን ጭምር ያውቃል። ሆኖም ደንቡን የማያነቡ ፕሮግራሞች ብዙ ናቸው፤ የማያነብ ፕሮግራም ደግሞ መዝገቡን ሊዘለው ይችላል። ስለዚህ ሕግ መጻፉን ትቼ፣ የማኅበሩን ቀኖች ለዐሥር ዓመት አንድ በአንድ ዘርዝሬ አወጣኋቸው፤ በዓመት 12፣ በጠቅላላው 120 መዝገብ። ሁሉም የሜሪላንዷ እኅታችን እንዳለችው ሰዓት የሌላቸው የሙሉ ቀን መዝገቦች ናቸው። እንዲህ የተዘረዘረ ቀን መዝገቡን የሚገለብጠው አፕዴት ቢመጣ እንኳ ምንም የሚተረጉመው ሕግ ስለማያገኝ አይበላሽም። በመልእክት ልኬልዎታለሁ፤ በቴሌግራም ለአባላቱ ቢያካፍሉት እያንዳንዱ በራሱ ስልክ ሊያስገባው ይችላል። ያን ጊዜ ማኅበሩ በአንድ ጸሐፊ ስልክ ላይ አይንጠለጠልም።

ፋይል መሥራት ለማይችል ሰው ደግሞ ቀላል ዘዴ አለ። የኛ ወር ሁልጊዜ 30 ቀን ነው። ስለዚህ «በየወሩ» የሚለውን ትታችሁ «በየ30 ቀኑ» ብላችሁ መዝግቡ። የጸሐፊው ማኅበር ከየካቲት 16 ቢጀምር፣ በየ30 ቀኑ 7 ጊዜ ብሎ እስከ ነሐሴ 16 ያለ አንዳች ስሕተት ይደርሳል። ከዚያ ጳጉሜን ስለምትገባ ማስቆም ግድ ነው፤ መስከረም ላይ አዲስ ከፍታችሁ 12 ጊዜ ትሉታላችሁ። በዓመት አንድ ጊዜ፣ አበባየሆሽ በሚዘፈንበት ሰሞን የምትሠሩት ሥራ ይሁን።

አደራ፦ አዲሱን ስታስገቡ አሮጌውን አስታዋሽ አጥፉ። አለዚያ ሁለቱም ይደውላሉ።


ወረቀት ይሻላል
ጥር 25 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ 2፡30

ዛሬ ነነዌ ገብታለች፤ በወረቀቴ ላይ በቀይ ተጽፋለች። ግን እውነቱን ልናገር፣ የሒሳብ ሠራተኛውን ቀመር ልጄ ኤክሴል ላይ ጽፋ የቤት ኪራይ ውላችንን ቀን ስንቆጥርበት አመሸን። ስድስት ቀን ተሳስቼ ኖሯል።


የሜሪላንዷ
የካቲት 3 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ከሌሊቱ 8፡15

ለሠሪዎቹ ደብዳቤ ጻፍሁላቸው። «የድሮው ይመለስ» ማለት እንደማይጠቅም ስላወቅሁ፣ የቀድሞ ሞካሪውን ምክር ተከትዬ አንድ ነገር ብቻ ጠየቅሁ፦ የተገለበጡትን መዝገቦች ለይቶ የሚያሳይ ገጽ። ከምስል ጋር፣ የአባቴ መዝገብ በፊት ምን ይል እንደነበርና አሁን ምን እንደሚል አሳየሁ። በአራተኛው ቀን መልስ መጣ። ይቅርታ ጠይቀው፣ የወሩ ሰንጠረዥ ላይ ሁለቱ ቀኖች አብረው እንዲታዩ እየሠሩ እንደሆነ፣ የመደጋገሙ ነገር ግን ጊዜ እንደሚወስድ ጻፉልኝ። ቢያንስ የሚያነብ ሰው አለ።


የማኅበር ጸሐፊ
ሚያዝያ 17 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ከምሽቱ 12፡30

ሳልመለስ ብዙ ቆየሁ፤ ይቅርታ። ፋይሉን ወዲያው አስገብቼ ለቡድኑ አካፍዬ ነበር፤ ነገር ግን የየካቲቷ 16 ዓመታዊ በዓል ስለሆነች ማንም አይረሳትም፣ መጋቢት ደግሞ ወንድሜ እንዳስረዱት የተበላሸውም ሕግ በአጋጣሚ የሚገጥምበት ወር ነበር። ስለዚህ እውነተኛው ፈተና የትናንቷ ሚያዝያ 16 ነበረች።

ከሃያ አራታችን ሃያ ሁለታችን ተገኘን። ሁለቱ ከከተማ ወጥተዋል። ጽዋውም ከእጅ ወደ እጅ ተላልፏል፤ የተረከቡት የማኅበሩ መሪ ሙሴያችን ናቸው። በጥር የደገሱት እናትም መጥተው ነበር፤ ከጎኔ ተቀምጠው፣ ስልኬን አንሥተው አገላብጠው አዩትና «ይኸው ነው ያሳታችሁ?» ብለው መለሱልኝ። ከወጣቶቹ አንዷ ፋይሉን በሌላ መተግበሪያ ላይ እንዳስገባችውና እዚያም ያለ ችግር እንደሠራላት ነገረችኝ። የወሩ ሰንጠረዥ እስካሁን አልተስተካከለም፤ እኔም አሁን ሁለቱን ቀን የማየው ከግድግዳዬ ላይ ነው፤ በዚህስ ወንድሜ «ወረቀት ይሻላል» አሸንፈውኛል።

ይህን ለመጻፍ የተነሣሁት ግን በሌላ ምክንያት ነው። ትናንት ምሽት በረንዳዬ ላይ ተቀምጬ ሳለሁ ስልኬ ጮኸ። አነሣሁት፤ «ኪዳነ ምሕረት፣ ነገ» ይላል። አሮጌውን አስታዋሽ አላጠፋሁትም ኖሯል።